ደካማ ሞተር የሾፌሩን እጅ ያሳያል፦ የቮልስ ውድድር በሰሚት ፖይንት

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለቤቱ። ዲሲና አካባቢው ያለን ሐበሾች ከመኪና ጋር ያለን ነገር የታወቀ ነው። ታክሲ ነድተናል፣ ጋራዥ ከፍተናል፣ ፓርኪንግ ሠርተናል። ስለ መኪና ስናወራ ያመሸንበት ቤትም ብዙ ነው። ታዲያ ሰሚት ፖይንት ሄዶ የአሮጌ መኪኖች ውድድር ያየ ሰው ስፈልግ አላገኝም። ይህን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው።

ቦታው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ጀፈርሰን ካውንቲ ነው። ሩቅ አይደለም። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን በር ላይ የሚያልፈው ሩት 7 ራሱ ታይሰንስንና ሊስበርግን አልፎ፣ ብሉ ሪጅን ተሻግሮ ቤሪቪል ያደርሳችኋል። ከዚያ ወዲያ ትንሽ የገጠር መንገድ ነው። በጠዋት ከተነሳችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ዋናው ሜዳ 2 ማይል ርዝመትና 10 ኩርባ አለው። ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነው። ለብዙ ዓመት የያዘው ቢል ስኮት ራሱ በቮልስ ሞተር ሲወዳደር የኖረ ሾፌር ነበር። ሜይ ላይ ጀፈርሰን 500 የሚባለው የአሮጌዎቹ ውድድር አለ። እኔ ከዓመቱ ሁሉ የምጠብቀው እሱን ነው።

እዚያ የማይታይ መኪና የለም። አልፋ ሮሜዮ፣ ኤምጂ፣ ሎተስ፣ ፖርሽ፣ የ60ዎቹ ሙስታንግ። ሁሉም ያምራሉ። የኔ ልብ ግን ፎርሙላ ቪ ላይ ነው። ቮልስ ናት! አዎ፣ አዲስ አበባ የምናውቃት ቮልስ። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ የፊት አክስሏ፣ የፍሬን ታምቡሯ የቮልስ ነው። ቦዲው ብቻ ተነሥቶ በቱቦ ብረት ሻሲ ላይ ሲጋራ የመሰለ ቀጭን ልብስ ተደርጎላታል። አንድ ሰው ብቻ ይገባባታል። ጎማዎቿ በሙሉ ውጭ ናቸው፣ ፓራፋንጎ የላትም።

ነገሩ የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው (ዘመኑን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ፍሎሪዳ ውስጥ ቮልስዋገን ይሸጥ የነበረ ሁበርት ብረንዴጅ የሚባል ነጋዴ፣ ከቮልስ ዕቃ የውድድር መኪና እንዲሠራለት ጣሊያን አገር ናርዲ የሚባለውን መኪና ሠሪ አዘዘ። በ1963 ኤስሲሲኤ፣ ማለትም የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ እንደ አንድ የውድድር ክፍል ተቀበላት። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ርካሽ ሞተር ይያዝ፣ ከዚያ ማን እንደሚነዳ ይለይ። ኤመርሰን ፊቲፓልዲ፣ ኒኪ ላውዳ፣ ኬኬ ሮዝበርግ ሦስቱም ቪ ነድተዋል። ሦስቱም በኋላ የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው ውድድር ሲባል ጉልበት ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። የቪ ሞተር 1192 ሲሲ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የፈረስ ጉልበቱ 40 ነበር። ባለሙያ ቢያሻሽለውም ያው ትንሽ ሞተር ነው። 500 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ኩርባ ላይ ቢያበላሽ ቀጥታው ላይ ቤንዚን ረግጦ ያካክሳል። ቪ ላይ ማካካሻ የለም። ኩርባው ላይ የጣልከውን ፍጥነት ቀጥታውን ሙሉ ብትረግጥም አታገኘውም። ስለዚህ ጎበዙ ሾፌር ፍሬን ላይ ንፉግ ነው። መስመሩን ቀድሞ ያያል፣ ቀድሞ ይወስናል። ደካማ ሞተር ነው የሾፌሩን እጅ የሚያሳየው።

ይህ ሰሚት ፖይንት ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው 10ኛው ኩርባ ላይ ነው። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ፈጣን ኩርባ ነው። ከሱ እንደወጣህ ረጅሙ ቀጥታ ይጀምራል። ቪዎቹ አምስት ስድስት ሆነው ተያይዘው ይመጣሉ። የሾፌሩ ትከሻና ክርን ከውጭ ይታያል። መሪውን አይወዘውዝም። አንዴ ያዞረዋል፣ ከዚያ ለዓይን በማይሞላ እንቅስቃሴ ያስተካክለዋል። የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ ከለላ ያደርጋል፣ ንፋሱን ያ ይሰነጥቅለታል። ቀጥታው መሃል ላይ ሹልክ ብሎ ይወጣል። 1ኛው ኩርባ ላይ ሲደርሱ ጎን ለጎን ናቸው። እዚያ ደግሞ ፍሬን ግድ ነው። ማን ዘግይቶ ይይዛል? በሚቀጥለው ዙር ተራው ይገለበጣል። ያኔ ቆሜ ነው የማየው፣ መቀመጥ አይሆንልኝም።

ያየ ሰው ካለ ይጻፍ። ያላየ ይጠይቅ።

የፒያሳ ልጅ (አዲስ አበባ)

ካንዴላ፣ እጅህ ይባረክ። እኛ ቤት ቮልስ ነበረች። ያደግነው ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጉድጓድ ተኝተን ነው። እዚህ ነዳጅ የሚጠጣ የግል መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ድሮ «ይቺን ቆርቆሮ ሽጣት» ይባል የነበረ ሰው ዛሬ መኪናውን እንደ ልጁ ነው የሚይዘው። ቀለም አድሶ፣ ኒኬሉን አስወልውሎ ለሰርግ የሚያወጣ አለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ቮልስ ኩርባ ላይ የኋላ እግሯን ትሰበስባለች። ሰው «ትገለብጣለች» ብሎ የሚፈራት በዚህ ነበር። እንደዚያ እየተጣደፈች እንዴት ነው የማትገለበጠው?

ሴሚያሴ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ይህን ጥያቄ ለኔ ተዉልኝ።

የድሮዋ ቮልስ ሴሚያሴ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) የሚታጠፈው ካምቢዮው ጋ ብቻ ነው። ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ የመኪናዋ ኋላ ከፍ ባለ ቁጥር ጎማው ከሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ኩርባ መሃል ደንግጠህ ቤንዚን በአንዴ ስትለቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላዋ ይነሣል። የውጭው ጎማ ይታጠፍና መሬት የሚነካው በጠርዙ ብቻ ይሆናል። የሚገለብጠው እሱ ነው።

ቪ ሠሪዎች ቆይተው ጥሩ መላ አገኙለት። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በአንድ ሞላ አገናኟቸው። ሁለቱም አንድ ላይ ሲወጡ ሞላው ይገፋል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ግን ሞላው ምንም አይልም። እንዲያ ሲሆን የውጭው ጎማ ላይ የሚያርፈው ሸክም ይቀንሳል። ወደ ታች የሚወርዱበትንም ልክ ያሳጥሩታል። ጎማዎቹን ቆማ ስታያቸው ከላይ ወደ ውስጥ ዘንበል ብለዋል። ያ ሆን ተብሎ ነው።

ሌላ የምወዳት ነገር አለች። ቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ አክስል በስተጀርባ ነው። ቪ ላይ ግን ከአክስሉ ፊት ነው፣ ሾፌሩ ጀርባ ላይ። ሞተርና ካምቢዮውን እንዳለ ዞር አድርገው ነው ያስቀመጡት። እንዲሁ ብታዞረው አራት የኋላ ማርሽ ይኖርሃል! ስለዚህ ዲፈረንሻሉን ይፈቱና ኮሮናውን (ትልቁን ባለ ጥርስ ቀለበት) ወደ ሌላኛው ጎን ያዞሩታል። በቃ። መኪናዋ ወደ ፊት ትሄዳለች። ከሾፌሩ ጋር ከ1,025 ፓውንድ እንዳታንስ ነው ሕጉ። 465 ኪሎ መሆኑ ነው።

ቆጣቢው (ዳላስ)

ሳልዋሽ ልናገር። አይዋጥልኝም። ዕቃው ከገበያ የጠፋን መኪና እያጣደፉ ማጋጨት ምን ይሉታል? 60 ዓመት የኖረ ነገር በአንድ ቅዳሜ ይሰበራል። ሙዚየም ይቀመጥ፣ ልጆቻችን ይዩት። ደግሞ ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው። እኛ ለሁለት ፈረቃ እየሮጥን ለማን ነው የምናጨበጭበው?

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ቆጣቢው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ከግጭቱ ልጀምር።

የአሮጌ መኪና ውድድር ከሌላው የሚለይበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። መነካካት ክልክል ነው። ብዙ ክለቦች 13/13 የሚሉት ደንብ አላቸው። በጥፋቱ ሌላ መኪና የነካ ሾፌር ከዚያ ውድድር ይባረራል። 13 ወር በአመክሮ ይቆያል። በነዚያ 13 ወራት ውስጥ ከደገመው 13 ወር ሙሉ ይታገዳል። የገንዘብ ሽልማትም የለም። አንደኛ የወጣ ሰው ከሰው ጭብጨባ ሌላ ብዙም የሚያገኘው ነገር የለም። አደጋ ጨርሶ አይደርስም አልልም፣ ይደርሳል። ሰው ግን ጓደኛው ለዓመታት ያደሰውን መኪና ላለመንካት ሲል ቦታውን ሲለቅ በዓይኔ አያለሁ። ያን ማየት በራሱ ደስ ይላል።

ሙዚየም ያልከው ላይ አንስማማም። የቆመ መኪና ይሞታል። ጎሚኒው ይደርቃል፣ ካርቡራቶሩ ይዘጋል፣ ታምቡሩ ይዝጋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን እሱን መጠገን የሚችል እጅ ይጠፋል። አንድ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ቫልቭ የሚያስተካክል ሽማግሌ አጠገብ ቆሜ ነበር። የቫልቭ ክዳኑን የያዘችውን ሽቦ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ታች ገፋት፣ ክዳኑ መዳፉ ላይ ወደቀ። ሁለት ጠብታ ዘይት ብቻ ፈሰሰ። ክፍተቱን የሚለካባትን ቀጭን የብረት ልጣጭ አስገብቶ ሳብ ሳብ አደረጋት። ምን ያህል ትያዝ፣ ምን ያህል ትሳብ፣ ያንን ጣቱ ነው የሚያውቀው። አጠገቡ አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቆማለች። ሁለተኛውን ቫልቭ ለሷ ሰጣት። ይህን መስታወት ውስጥ የተቀመጠ መኪና አያስተምርም።

የሀብታም ጨዋታ ነው ላልከው፣ የሀብታም መኪኖችም አሉ። አልክድም። ቪ ግን ከመጀመሪያውም የተፈጠረችው ደሞዝተኛ እንዲወዳደር ነው። ዛሬም ከርካሾቹ አንዷ ናት። ፓዶክ (መኪኖቹ የሚቆሙበትና የሚጠገኑበት ግቢ) ውስጥ ግባ፣ አስተማሪ ታገኛለህ፣ ጡረተኛ ታገኛለህ፣ መኪናውን በፒክአፕ ጎትቶ የመጣ መካኒክ ታገኛለህ። ደግሞ ማንም «አትንካ» አይልህም። ጠይቀህ ብታጎነብስ ሥራውን አቁሞ ያስረዳሃል።

ጋሽ ታምቡር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጆች፣ እኔ አዲስ አበባ በጃንሆይ ጊዜ ቮልስ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ።

ያኔ ቮልስ የምትወደደው ለመልኳ አልነበረም። ውሃ አትጠይቅም። በንፋስ ነው የምትቀዘቅዘው። ሌላው መኪና ጣርማ በር ዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ ኮፋኖውን ከፍቶ ሲቆም እሷ ጥርጥር እያለች ታልፈዋለች። ችንጋዋ እንዳይበጠስ ብቻ መጠባበቂያ ትይዛለህ። ሁሉም ሰው ነበር የሚነዳት፣ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ነጋዴው፣ ሚሽነሪው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስ ነው። አገሩ በሙሉ የሚያውቃት መኪና ናት።

ካንዴላ ያልከው ነገር ልክ ነው፣ እኔ በዳገት ነው የተማርኩት። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 40 የነበረው 30 ሆነ ማለት ነው። እንጦጦ ለመውጣት ግልቢያዋን ከሽሮ ሜዳ ይዘህ መምጣት አለብህ። መሃል ላይ አህያ ገብቶብህ ፍሬን ከነካህ አለቀ፣ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ነው የምትጨርሰው። ጎበዝ ሾፌር አህያውን ከሩቅ አይቶ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ ይቀንሳል እንጂ ፍሬን አይይዝም። ሰው ሁሉ ሳያውቀው የውድድር ትምህርት ይማር ነበር።

የጎረቤታችንን ውድድርም አትርሱ። በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ቮልስ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች። ጭቃና ድንጋይ ላይ ነው። ትልልቅ ሞተር የያዙት ጭቃ ውስጥ ሲቀሩ እሷ ቀላል ናት፣ ሞተሩ የሚነዱት ጎማዎች ላይ ተጭኗል፣ ትወጣለች።

ሰሚት ፖይንትን ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ያህል ዓመት ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ! ለሽማግሌ ይመቻል?

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ! እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ። የሚያዩት ነገር አብዛኛው ከመኪናዎ አጠገብ ሆነው የሚታይ ነው። ተጣጣፊ ወንበር እይዛለሁ። ፓዶክ ውስጥ ግን ትንሽ መራመድ አለ። እዚያ ከደረሱ በኋላ የሚለቁዎት አይመስለኝም። ስለ 1200 (የ1192 ሲሲው) ሞተር እርስዎ የሚያውቁትን ሊሰሙ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። የሽሮ ሜዳውን ጨዋታ እኔ አስተረጉማለሁ።

ትዕግስት ከሲያትል

እኛም እዚህ አለን! ኬንት ከተማ አጠገብ ፓሲፊክ ሬስዌይስ የሚባል ሜዳ አለ። ከ1960 አካባቢ ጀምሮ ያለ ነው፣ ርዝመቱ 2.25 ማይል። ጫካ ውስጥ ነው። መንገዱ በረጃጅም ዛፎች መሃል ቁልቁል ይወርድና መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ለብዙ ዓመታት በጁላይ 4 ሰሞን የአሮጌ መኪኖች ውድድር ሲደረግበት ቆይቷል። ከሱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሲያትል የልጆች ሆስፒታል ይሰጥ ነበር፣ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች ልጆች ሕክምና።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በዚህ ምክንያት ነው። መኪና የሚወደው ባለቤቴ ነበር። አሁን ግን እሱን የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ። ቆጣቢው፣ ለማን ነው የምናጨበጭበው ላልከው መልስ ይሆንሃል ብዬ ነው የጻፍኩት። ሴቶች ሾፌሮችም አሉ። አንዲት ሴት አልፋ ሮሜዮ ይዛ ከሷ መኪና እጥፍ ሞተር ያላቸውን ኩርባ ላይ በውስጥ በኩል ስታልፍ አይቼ ጩኸቴ ጎረቤቶቼን አስደንግጧል።

ብሪክስተን (ለንደን)

የኛው ደግሞ ጉድዉድ ነው። ሜዳው ውድድር ያስተናገደው ከ1948 እስከ 1966 ነበር። አሁን በየሴፕቴምበሩ ሪቫይቫል የሚባል ዝግጅት አለ፣ ሰዉ ሁሉ የዚያን ዘመን ልብስ ለብሶ ነው የሚመጣው። ካንዴላ ስለ ትንሽ ሞተር የጻፈው እዚያ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሚኒና 7 ሊትር ሞተር ያለው ፎርድ ጋላክሲ አንድ ውድድር ላይ ይገባሉ። ቀጥታው ላይ ጋላክሲው ሚኒዋን ጥሏት ይሄዳል። ኩርባ ሲመጣ ያን ሁሉ ብረት ማቆም አለበት። ሚኒዋ ግን ፍሬን ነካ አድርጋ ትገባለች። እንዲህ እየተቀያየሩ ዙሩን ይጨርሳሉ። ዝናብ ከጣለ ደግሞ የሚኒ ቀን ነው።

ዋጋውን ግን ልናገር፣ ጉድዉድ ውድ ነው። ትኬት ቀድሞ ያልቃል። በአገር ቤት ዓይነት ነፃነት መኪናው ሥር ማጎንበስ የሚቻልበት ቦታ ከፈለጋችሁ፣ የክለቦቹ ትንንሽ ውድድሮች ይሻላሉ።

የናቲ እናት (ስፕሪንግፊልድ፣ ቨርጂኒያ)

እኔ ስለ ሞተር ምንም አላውቅም። የ9 ዓመት ልጄ ግን እንቅልፉን የሚያጣው በመኪና ነው። ይህን ክር ሳነብለት ካልሄድን ብሎ ይዞኛል። ለልጅ ይሆናል? የት ነው የሚቀመጠው? ምን ልያዝ?

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ በደንብ ይሆናል። መጀመሪያ ጆሮ። ቪዎቹ ያን ያህል አይጮኹም፣ ትልልቆቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ግን ያደነቁራሉ። ለልጅ የሚሆን የጆሮ መከላከያ ግዢለት፣ የስፖንጁ ሳይሆን እንደ ማዳመጫ የሚጠለቀውን። ለፀሐይ ኮፍያ፣ ለጭቃ የማያሳስብ ጫማ። ምግብ ከቤት ያዙ። እኛ እንጀራና ጥብስ ይዘን እንሄዳለን፣ ጎረቤት ያሉትም ይቀምሳሉ።

ቅዳሜ በጠዋት ነው የሚሻለው። በየተራው ሃያ ሠላሳ ደቂቃ እየሮጡ ይገባሉ፣ መሃሉ ላይ ፓዶክ ውስጥ ትዞራላችሁ። ለናቲ የምመክረው ባንዲራዎቹን ቀድሞ እንዲያጠና ነው። ቢጫ አደጋ አለ፣ ማለፍ ክልክል። ሰማያዊ ከኋላህ ፈጣን መኪና አለ። ጥቁር ወደ ውስጥ ግባ። ባለ ጥቁርና ነጭ ዳማው አለቀ። እነሱን ካወቀ ውድድሩን እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያነበው።

ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ በተለይ ወጣቶች። በየኩርባው ቆመው ባንዲራ የሚያውለበልቡት በፈቃዳቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሁልጊዜ ሰው ያንሳቸዋል። ልምድ አይጠይቁም፣ ያስተምራሉ። መግቢያ አትከፍሉም። ቆማችሁ የምታዩበት ቦታ ደግሞ ማንም ተመልካች የማይደርስበት ነው።

ቆጣቢው (ዳላስ)

13/13 የሚሉትን ደንብ አላውቅም ነበር። ያ ሐሳቤን ትንሽ ለውጦታል። መኪናዎቹ ላይ ያለኝ ስጋት ግን አለ። የተሰበረ ሻሲ ወይም የተሰነጠቀ ካምቢዮ ከየት ይመጣል?

ሴሚያሴ (ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ሻሲው ቱቦ ብረት ነው፣ ብየዳ የሚችል ሰው ይሠራዋል። ቮልስ ደግሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፣ እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ትሠራ ነበር። ፒስቶን፣ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ሸራ እንደ ልብ ነው። የሚያስቸግሩት የድሮው 1200 ሞተር አንዳንድ ዕቃዎችና የፊት አክስሉ ናቸው። እነሱን ሰው ከየጓሮው እየለቀመ ነው የሚኖረው። ፎርዱ፣ አልፋው፣ ሎተሱ ላይ ስጋትህ ልክ ሊሆን ይችላል። ቪ ላይ ግን አይደለም።

ጋሽ ታምቡር፣ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ታምቡሩ ሲግል ፔዳሉ ወደ ታች ይሄድብናል። ያኔ እርስዎ ሸራውን ምን ያህል ነበር የሚያስጠጉት?

ጋሽ ታምቡር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጄ፣ ጎማውን በክሪክ አንሥተህ በእጅህ አዙረው። ሸራው እስኪይዝ ማስተካከያውን አጥብቅ። ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ድረስ ጥርስ በጥርስ መልስ። ጆሮህን አስጠጋ፣ ሸራው በጣም በስሱ ሲፋቅ ከሰማህ ይበቃል፣ የሚጎትት ከሆነ አልበቃም። አራቱንም እኩል አድርግ። አለዚያ ወደ አንድ ጎን ትጎትትሃለች። አስተካክለህ ከጨረስክ በኋላ ፔዳሉን ደጋግመህ እርገጥና እንደገና ለካ፣ ሸራው ቦታውን ይይዛል። የሚለካው ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው።

ካንዴላ፣ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ልዘጋጅ?

ካንዴላ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጋሼ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በርዎ ላይ ነኝ። ቫልቭ የሚያስተካክሉት ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሆነ ቀድመን እንድረስ። የናቲ እናት፣ እናንተ ከስፕሪንግፊልድ ስለምትነሱ ሊስበርግ ላይ እንገናኝ። የስልኩን ነገር በውስጥ መስመር እጽፍልሻለሁ።